ቀድማ የምትጨርስ ልጅ

ማስተር ኔማኒ የእህቴን ልጅ በደላት።

ስትበደል እጇን ይዤ ያቀረብኳት ደግሞ እኔው ነኝ...

ቪኒያና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የምንኖርባት ደሴት ትንሽ ናት፤ እናቷ ትልቋ ደሴት ላይ ሆቴል ትሠራለች፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

የመንደራችን ትምህርት ቤት ክፍል አይበቃውም። ስድስተኛዎቹ ከነቪኒያና በመስኮቱ በኩል፣ ሰባተኛዎቹ ከኋላ፣ ስምንተኛዎቹ በበሩ በኩል፣ መምህሩ ማስተር ኔማኒ መሃል።

ሂሳብ ይሰጣል። ሌላው ልጅ ገና ደብተሩን ሲያሰምር ቪኒያና ጨርሳ እጇን ታወጣለች።

"ጨረስሽ?"

"አዎ ማስተር።"

"ጎበዝ። እንግዲህ ሥራ ፈትተሽ አትቀመጪ፣ ውጪና የካሳቫውን ማሳ አረም ንቀይ።"

የጎበዝ ሽልማት ይኼ ነበር... ፀሐይና አረም። በየቀኑ።

አንድ ቀን ጠየቀችው።

"ማስተር፣ ክፍልፋይ ስናካፍል ለምንድነው የምንገለብጠው?"

"ሰሌዳው ላይ ስለተጻፈ።"

"እሱማ... ግን ለምን?"

አስጠራኝ። "እትዬ ሴሬዋያ፣ ይቺ ልጅ ከታላቆቿ በላይ ልትሆን ነው" አለኝ።

በኛ መንደር ለልጅ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። እያዋረድኳት ቤት ወሰድኳት።

"ትልቅ ሰው ሲናገር አንገትሽን ደፍተሽ ስሚ። ለምን የምትባል ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ።"

አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ ውጤቷ ወረደ። አንደኛ የነበረችው አምስተኛ... ከዚያ አሥረኛ... ከዚያ ከአሥራ ዘጠኝ ልጅ አሥራ ሰባተኛ።

አዲስ ጫማ እገዛልሻለሁ አልኳት፣ ምንም። ባሕር መዋኘት ከለከልኳት፣ እሱም ምንም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት...

"አንቺ ሰነፍ፣ ምን ነክቶሽ ነው?"

"ይሰለቸኛል አክስቴ።"

"ይሰለቸኛል! እኔ ዓሣ ስፍቅ የምውለው ደስ ብሎኝ መሰለሽ?"

ትልቋ ደሴት ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከኛ ስድስተኛ ክፍል በዓመት ሦስት ልጅ በነጥብ መርጦ ይወስዳል። ከስድስተኛ ብቻ፤ ያ ዓመት ካመለጠ ሌላ ዕድል የለም። እናቷ አጠገብ የምትሆነው በዚያ ነበር።

የተመረጡት ልጆች ዝርዝር ሰኞ በጀልባ ሄደ። ስሟ የለበትም።

ማክሰኞ ተናድጄ ደብተሯን ገለጥኩት። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን ትምህርት ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው የለቀምኩት። መደመርና ማባዛት ግን አያቅተኝም።

12 ሲባዛ በ15... 187 ብላለች። መልሱ 180 ነው።

96 ሲካፈል ለ4... 31 ብላለች። መልሱ 24 ነው።

250 ሲቀነስ 88... 169 ብላለች። መልሱ 162።

 ገጹን እያገላበጥኩ አርባውን ጥያቄ ሠራሁት።

አርባውም ላይ የተሳሳተችው በሰባት ነው...

ትክክለኛውን መልስ የማያውቅ ሰው አርባ ጊዜ በሰባት አይሳሳትም።

"ቪኒያና... ይኼ ምንድነው?"



"የተሳሳተ ልጅ ወደ ውጭ አይላክም አክስቴ። ቁጭ ብለሽ እንደገና ሥሪ ነው የሚባለው። እኔ እንደገና ስሠራ ማስተር ለስምንተኛዎቹ ያስተምራል... እሱን እሰማለሁ።"

"ሰባቷስ?"

"ዝም ብሎ መሳሳትም ይሰለቻል።"

ደብተሩን ይዤ ወደ ማስተር ሮጥኩ። ሦስት ገጽ አይቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ ሴሬዋያ... ነጥቡ እኮ ተልኳል።"

"ያስመልሱት።"

"ምን ብዬ? አውቃ ነው የተሳሳተችው ልበል?"

"እውነቱ እሱ አይደል እንዴ?"

እውነቱን ላውራ፣ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ጻፈላቸው። በሳምንቱ ጀልባው መልስ ይዞ መጣ... ሁለት መስመር። የሚታየው የተላከው ነጥብ ነው፣ ቦታውም ሞልቷል።

ለእናቷ በስልክ ነገርኳት። 

በኛ ዘንድ የበደለ ሰው ያንጎና የሚባለውን፣ ተወቅጦ በክብር የሚጠጣ ተክል ሥር ተሸክሞ የተበደለው ሰው ፊት ቁጭ ይላል። ይኼን ይቅርታ ሶሮ እንለዋለን። ለልጅ ያደረገ ሰው ግን አላውቅም።

ሥሩን ተሸክሜ ስሄድ የባሌ ወንድም ኤፔሊ አየኝ።

"ለልጅ ሶሮ? ነገ ደግሞ ለዶሮዎችሽ ትወስጃለሽ።"

"ዶሮዎቼን አልበደልኩም" አልኩት።

ቤት ገብቼ ሥሩን ፊቷ አስቀመጥኩ። እኔ ምንጣፉ ላይ፣ እሷ አልጋዋ ላይ...

"ያቺን ለምን የምትባል ቃል ከአፍሽ የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ። ሰነፍ ያልኩሽም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

ወገኖቼ... ልጅ ሰለቸኝ ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ደብተሩን ግለጡ። አንዳንዱ ልጅ ቀድሞ ደርሶ እኛን ሲጠብቅ ነው የሚሰለቸው። ለጎበዝ ልጅ አረም ሰጥተን፣ ሲሰንፍብን ደግሞ ምን ነካው እንላለን። እኔ የገባኝ ጀልባው ከሄደ በኋላ ነው።

ቪኒያና እንደ ደንቡ ሥሩን በሁለት እጇ ነክታ ተቀበለችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።  ወላጅ የሆናችሁ፣ መምህር የሆናችሁ፣ ምን ትሏታላችሁ? እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችኝ፦

"ይቅር ብዬሻለሁ አክስቴ... ግን የስምንተኛን ትምህርት ሰምቼ ጨርሻለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሁለት ዓመት ምን እያደረግኩ ልቀመጥ?"