ሰባቱ ፍንካቾች

ለድጎማ ያመለከተችው ተማሪ ከሣጥኑ ውስጥ ሰባት የድንጋይ ፍንካቾች ለይታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረደረችና፣ «እነዚህ የጥንት አይደሉም» አለች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብዕሩን አስቀመጠ። አጠገቡ የተቀመጡት አረጋዊ ልብስ ሰፊ አልተነቃነቁም። ሣጥኑ የሟች ልጃቸው የጥናት ስብስብ ነው፤ የጥንት ሰው የሠራውን የድንጋይ መሣሪያ ለሚያጠና ተማሪ በየዓመቱ የሚሰጠው ድጎማም የቆመው በእርሷ መታሰቢያነት ነው። ተቀባዩን የሚመርጡት ሁለቱ ናቸው፤ ሲለያዩ የአባት ቃል ይጸናል።

«እስቲ ቀስ በይ። የመዝገብ ቁጥር ተጽፎባቸዋል እኮ!» አለ ኃላፊው።

«ቁጥሩማ አለ። ድንጋዩ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ጠርዙን ይንኩት፤ ገና ይቆርጣል። የጥንቶቹን አፈር አደንዝዟቸዋል።»

«ታዲያ ሟቿ አጭበርብራለች ነው የምትዪው?»

«እኔ እንደዚያ ያለ ቃል አልወጣኝም።»

«የበላበትን ወጭት የሚሰብር አይቻለሁ» አለ ኃላፊው፤ «ሳይበላ የሚሰብር ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ልጅቷ እጆቿን ከጠረጴዛው በታች ሸሸገች። «ዝም ብዬ ድጎማውን ብወስድስ? የማጠናው ይህንኑ ሣጥን አይደል? ስሕተቱ የእኔም ይሆናል።»

ልብስ ሰፊው ፍንካቾቹን ያውቋቸዋል። ልጃቸው በጓሮ፣ ጉልበቷ ላይ ቆዳ አንጥፋ ድንጋይ በድንጋይ ትፈልጥ ነበር፤ የጥንቶቹን እጅ ለመረዳት የምታደርገው ልምምድ ነው። በሞተች በሳምንቱ ጓሮውን ጠረጉ። ብጣሽ ጨርቅ መጣል የማያውቁ ሰው ናቸውና ፍንካቾቹን ለቅመው፣ አጥበው፣ ቤት የነበረው ሣጥን ውስጥ ጨምረው ለትምህርት ክፍሉ መለሱ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም።

አሁንም ማንም አልጠየቃቸውም። «ሌላው አመልካች ይሻላል» ቢሉ ልጅቷ ትሸኛለች፣ ሣጥኑም ይዘጋል፤ የልጃቸውን ስም በክፉ የሚያነሣ አይኖርም። ሐሰት ግን ስም አይጠብቅም።

«የቀላቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ጋሼ! እርስዎ ደግሞ ምን በወጣዎ!»

«ወጣኝ እንጂ። ከጓሮ ለቅሜ የጨመርኩት እኔ፤ ቁጥር የጻፋችሁበት እናንተ። እሷ በሕይወት አልነበረችም። እንደዚያ ብለህ መዝግብ። ድጎማውንም ለዚች ልጅ ጻፍላት።»

ኃላፊው ብዕሩን አነሣ።

ልጅቷ ሰባቱን ፍንካቾች ወደ ራሷ ሳበችና ጠርዝ ለጠርዝ ታጋጥማቸው ጀመር።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?»

«ከአንድ ድንጋይ የወጡ ናቸው፣ አባባ። ከጠርዛቸው ሌላ የጠረጠርኩት ለዚህም ነው። ይኸው፣ ይገጥማሉ።»

ሰባቱ ሲገጥሙ ከጭብጥ ከፍ ያለ ድንጋይ ሆኑ፤ መካከሉ ግን ክፍት ነበር።

«እዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

«የሠራችው እሱን ነው። እነዚህ ትራፊዎቹ ናቸው። እሱ እዚህ የለም።»

አረጋዊው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከትራፊ ጨርቅ የልብስን ልክ ሲያነቡ አርባ ዓመት ኖረዋልና አስረጂ አላስፈለጋቸውም። ክፍተቱ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየሾለ የሚሄድ፣ መዳፍ የሚሞላ የእጅ መጥረቢያ ነበር፤ ያለቀለት፣ አንድ ምት እንኳ ያልጎደለው።