የመስኮቱ ወንበር

ልብስ ሰፊው መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የወንበሩ ጌታ ሽማግሌው ሰፊ ትናንት ሥራ በቃኝ ብለው ሲወጡ ተራው ለእሱ ደረሰ። ስንት ዓመት ሙሉ ከጨለማው ግድግዳ ሥር አንገቱን ወደ ግራ አዝምሞ፣ የተረፈች ብርሃን እየለመነ ሲሰፋ፣ ልቡ ያለው እዚህ ወንበር ላይ ነበር። አሁን ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየው።

«አቤት፣ ጌታው! ከእንግዲህማ ሰላም ብንልህም አትሰማን» አለች ከኋላ ጠርዝ የምትዘመዝመው ሴት።

«ቅናት ነው እቴ!» አላት እየሳቀ።

አንድ ቁልፍ እስኪተክል ድረስ ደስ ብሎት ሰፋ። ሌላውን ሲጀምር ግንባሩ በግራው ያለውን የመስኮቱን መስታወት ገጨው። አንገቱ ልማዱን አልተው ብሎ ወደ ግራ ዘምሞ ነበር። ቀና ሲል ከመንገዱ ማዶ ያለውን ስፌት ቤት አየ። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ሰፊዎቹ ፀሐይ ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። «እዚያ ቢሆንማ ኖሮ» አለ በሆዱ።

ግንባሩ መስታወቱ ላይ የተወውን ወዝ በእጅጌው ሊጠርግ ሲል እጁ ቆመ። መስታወቱ ላይ የቆየ፣ የደረቀ፣ ግንባር የሚያህል ሌላ እድፍ ነበር። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ጋደል ሲሉ ከኋላ ሆኖ ሲያያቸው ያሸለቡ ይመስለው ነበር፤ «ደላቸው» እያለም ይቀናባቸው ነበር።

«ምነው፣ ብርሃኑ በዛብህ እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«ኧረ ምንም» አለና እድፉን ሳይጠርግ መርፌውን አነሣ። ግንባሩም ቀስ ብሎ መስታወቱ ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዓይኑም ወደ ማዶው ስፌት ቤት።