የሰባት ዓመት ጥገና

ፕሮግራም የምትጽፍበት ፕላትፎርም በታደሰ ቁጥር ለክሊኒኩ የሠራችው የበሽተኞች ካርድ መፈለጊያ ፕሮግራም ይበላሽ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እየረገመች ጠገነችው። ወደ ሌላ ፕላትፎርም ልዛወር ስትል ደግሞ የበሽተኛውን ካርድ ሁሉ ውሃ ቢበላውስ ብላ ትፈራለች። ዛሬም ተበላሸ፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው እህቷ መጥታ ከጀርባዋ ቆመች።

«አንቺ፣ ባልሽን በሁለት ዓመት ፈትተሽ ይሄንን ሰባት ዓመት ታቀፍሽው?»

«ባሌ የሰው ካርድ አልያዘም!»

እንዲህ ብትልም፣ በአዲስ ፕላትፎርም ሠርታ ለወራት የደበቀችውን አዲስ መፈለጊያ ከፈተች። እህቷ የአንዲት አሮጊት ስም ጻፈች፤ ካርዱ ከነመድኃኒት ዝርዝሩ ድቅን አለ። ሌላም ጻፈች፤ መጣ።

«እፎይ! ተገላገልሽ» አለቻት።

ትከሻዋ ቀለላት። አሮጌውን ልታጠፋ ስትል ኮምፒውተሩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቃት። «እስካሁን ያቆየሁት እኔ ሞኟ!» ብላ «አዎ» የሚለውን ተጫነች።