አዲሱ ወንድ

አባቷ ፌስታሉን ገንዳው ላይ ሊዘቀዝቀው ሲል እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ ቆይ። እዚህ አታስገባው።»

ሽማግሌው ቅር አለው። ልጁ በምትሠራበት የዓሣ ማሳያ፣ መልአክ የሚባሉት ትንንሽ ሰማያዊ ዓሣዎች ወንዳቸው ሞቶ እንስቶቹ ብቻ መቅረታቸውን ሲሰማ፣ ሐኪም የከለከለውን ባሕር ደፍሮ ጠልቆ፣ ከኮራሉ ድንጋይ ስንጥቅ አንድ ጎረምሳ ወንድ ዓሣ ይዞላት መጥቷል። ጆሮው አሁንም ይጮኽበታል።

ቀስ ብላ አስረዳችው። እነዚህ ዓሣዎች ወንዳቸውን ሲያጡ ከመካከላቸው ትልቋ ራሷ ወንድ ትሆናለች፤ መልኳም ጠባይዋም ይለወጣል፤ ሌላ ወንድ በደጇ ካየች አትምርም፤ የዚህ ገንዳ ትልቋም መለወጥ ጀምራለች። አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። ዕድሜውን በባሕር ጨርሶ እንዲህ ያለ ጉድ እንዳልሰማ ነገራት።

«ባላውቅ አልከለክልህም ነበር» አለችው ድምፅዋን ሳትለውጥ። «የገንዳው መብራት እስኪደበዝዝ አብረኸኝ ተቀመጥ።»

ጎረምሳውን ለብቻው ባዶ ገንዳ ውስጥ ለቀቀችው። ከዚያ መስታወቱ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

መብራቱ እንደ ጀንበር መጥለቂያ ቀላ፣ ደብዘዝም አለ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ ሲለቅሙ የዋሉት ዓሣዎች ወደየስንጥቃቸው ገቡ። ትልቋ ግን አልገባችም። ክንፎቿን ወጥራ ከእንስቶቹ ከአንዷ ፊት ተንሳፈፈች፤ ዞረቻት፤ ከሥሯ ገብታ ሆዷን በአፍንጫዋ ነካ ነካ አደረገቻት።

ሽማግሌው ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«ተመልከችው» አለ በሹክሹክታ። «ተመልከችው እሱን።»

«እሷን» ብሎ እንዳልጠራት ልብ አለች።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ሳይመሽ ነበር ከባሕሩ የምወጣው» አለ። «ይሄኔ እራት ላይ እሆን ነበር።» ወደ ጎረምሳው ገንዳ ዞር ብሎ አየ። «ያንን ጠዋት ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ።»

«እኔ ነኝ የምጠልቀው። አንተ ጀልባው ላይ ሆነህ ቦታውን ታሳየኛለህ።»

ሊከራከራት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ሁለቱ ዓሣዎች ተጣብቀው ወደ ላይ ተነሡ፤ ወደ ውሃው ገጽ ሲቃረቡ ብልጭ ብለው ተለያዩና ቁልቁል ተወረወሩ። በነበሩበት ቦታ እንደ አቧራ የደቀቀ እንቁላል ቀረ። ሽማግሌው አፉን እንደከፈተ አንገቱን አቅንቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲበተን በዓይኑ ሸኘው።