አራት ጊዜ የተመረቀው አልጋ

«ውረጂ እንጂ፣ የኔ እህት! መኪና አስነስተን እየጠበቅን ነው» አለ የንብረት ኃላፊው፣ በአንድ እጁ የአልጋውን ብረት፣ በሌላው ስልኩን እንደያዘ።

አልጋው ላይ የተንጋለለችው ሽንኩርት ሻጭ ሆዷን አቅፋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። «ምጥ ይዞኛል» አለች፣ አፏ ውስጥ ያለውን ብስኩት ሳትውጥ።

ብስኩቱ ከምርቃቱ የተረፈ ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት እዚሁ አዲሱ የማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቀይ ሪባን ተቆርጧል፣ ተጨብጭቧል፣ የክብር እንግዳውም ጥጃ እንደሚዳብስ ሰው አልጋውን ደባብሰው ፎቶ ተነስተዋል። የመኪኖቹ ድምፅ ገና ከጆሮ ሳይጠፋ የንብረት ኃላፊው ሁለት ጫኞች አስከትሎ ተመለሰ። የማዋለጃ አልጋው ለካ የጤና ጣቢያው አልነበረም፤ የምርቃቱ ነበር።

«ጠዋት አበባ ያበረከትሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ያኔ ምጡ የት ነበር?»

«ምጥ እንደናንተው ነው፤ ሳይናገር ይመጣል።»

ኃላፊው ወደ አዋላጇ ዞረ። «ሲስተር፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። መቼ ነው የምትወልደው?»

አዋላጇ ካርዱን ገለጠች። ውሸት አይሆንላትም። «ሁለት ወር ይቀራታል።»

በሩ ላይ የተኮለኮሉት ነፍሰ ጡሮች በሳቅ ፈረሱ። ሰባት ናቸው፤ ዛሬ አንዳቸውም ቀጠሮ የላቸውም። አልጋው ሊወሰድ ነው የሚለው ወሬ ነው ጎትቶ ያመጣቸው። ከኋላቸው የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች፤ ስድሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት።

«እኔም ወረፋ ይዣለሁ» አለች።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?»

«ተስፋ አልቆረጥኩማ!»

አዋላጇ አልሳቀችም። አራት ዓመት ሙሉ ስታዋልድ የኖረችው በካርድ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ፣ ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ከወዲህ እህቷ፣ ከወዲያ አማቷ ግጥም አድርገው ይይዙላታል። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ሙሉ ይዘው የቆዩት እጆች ዛሉ። እናትየው ተረፈች። ልጁን ጠረጴዛው በላው።

«ስሚኝማ» አላት ኃላፊው አዋላጇን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወንድም። «ነገ ሌላ ጤና ጣቢያ ምርቃት አለ። የዚያኞቹ እናቶች ሰው አይደሉም?»

«ናቸው እንጂ። እዚያ ይቀራል?»

ኃላፊው በድንገት ስልኩ ላይ ብዙ የሚነበብ ነገር አገኘ። የመለሰላት ሾፌሩ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ መቃኑን ተደግፎ። «የት አባቱ ይቀራል፣ ልጄ! ከዚያ ወደ መጋዘኑ ነው። ይሄ አልጋ እስከ ዛሬ አራት ጊዜ ተመርቋል። የተወለደበት ሰው ግን እኔ አላየሁም።»

«አንተ አፍህን ዝጋና አግዛቸው!»

«ሴትዮዋን ጭምር? የኔ መንጃ ፈቃድ የደረቅ ጭነት ነው፣ ጌታዬ።»

ኃላፊው ጫኞቹን በአገጩ አዘዛቸው። እየከበዳቸው ጠጋ አሉ። ሽንኩርት ሻጯ ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቶ ወደ ግድግዳው ስትሸሽ፣ ፍራሹ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ።

«ፕላስቲኩን!» ብሎ ጮኸ ኃላፊው። «ኧረ በፈጠረሽ፣ ፕላስቲኩን እንዳትቀጂው!»

አዋላጇ ያኔ ገባት። ሰውየው ሰባት ነፍሰ ጡር አላስፈራውም፤ ሐሜቱም፣ የጠረጴዛው ታሪክም ቢነገረው አያስፈራውም። የሚፈራው አልጋው ላይ ሰው መተኛቱ እንዳይታወቅ ነው። ላገለገለ አልጋ ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ከትሪው ላይ እትብት የምትቆርጥበትን መቀስ አነሳች።

«ሲስተር? ምን ልታደርጊ ነው?»

«ወገብሽን ቀና አድርጊልኝ፣ እህቴ» አለች ሽንኩርት ሻጯን። ከዚያም ፕላስቲኩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሸረከተችው።



«የመንግሥት ንብረት አበላሸሽ!»

«ሥራ አስጀመርኩት።»

«ትባረሪያለሽ! እዚሁ ነው ስምሽን የምጽፈው!»

«እስከ አያቴ ጻፈው። በተባረርኩ ማግስት ግን ምጥ የያዛት ሁሉ አንተ ቢሮ ነው የምትመጣው። ያንተ ጠረጴዛ እግሩ እኩል ነው፣ አይደል?»

ሾፌሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከጫኞቹ አንዱ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሽንኩርት ሻጯ ከተቀደደው ፕላስቲክ መሐል ሁለት እግሯን መዝዛ፣ የግቢውን ቀይ ጭቃ እንደያዘ፣ ነጩ ፍራሽ ላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈችው። ሁለት ቀይ ተረከዝ ታተመ። ኃላፊው ደንግጦ ጎንበስ አለና በኮቱ እጅጌ ጠረገው። ሰፋ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ደገመው። ይባስ ሰፋ።

«አትልፋ፤ በኋላ እኛ በበረኪና እናጥበዋለን» አለችው አዋላጇ። ወደ በሩም ዞራ «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች።

ከሰባቱ አንዷ፣ የመጀመሪያዋን ያረገዘች ልጅ እግር፣ ደጃፉ ላይ እንደምንም ጎንበስ ብላ ጭቃ የጠጣ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«ተዪው» አለቻት አዋላጇ። «ከነጫማሽ ውጪበት።»