የደወል ጸጥታ

«አልተሰማም» አሉ አፈ ጉባኤው፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው። «የተከበሩ አባል፣ እባክዎ ድምፅዎን ይድገሙልን።»

አጠገቤ የቆመችው ሴት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ከተበሳ ጎማ የሚወጣ ዓይነት ትንፋሽ ነው። ከኋላችን ያሉት መሳቅ ጀመሩ፤ እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው የቻልኩት።

ይህች ሴት እኮ «ደወል» የምንላት ናት። ስታስነጥስ እንኳ በር ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ዘወር ይላሉ። ለጸጥታ ተቋማቱ የቀረበው በጀት እንዲጸድቅ በየኮሚቴው፣ በየደረጃው፣ በየአሳንሰሩ ስትሟገት ሰንብታ፣ ዛሬ ጠዋት ድምጿ ጭራሽ ተዘጋ። በእኛ ምክር ቤት ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ሳይሆን በአፍ ነው፤ ደንቡ ያልተሰማ ድምፅ አይቆጥርም። የመቀመጫችን ማይክሮፎን እንደሆነ ከሞተ ሰነባብቷል፣ ለእሱም በጀት የጠየቀለት የለም።

«ዝም አይነቅዝም ብዬሽ አልነበር?» አልኳት ቀስ ብዬ።

በክርኗ ጎሸመችኝ።

እኔ ተቃውሜያለሁ። ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል ባይ ነኝ፤ ምሳ በበላን ቁጥር በዚሁ እንጨቃጨቃለን። «ጋሼ፣ ጠባቂውን አንተ ጠብቀው፣ ሬዲዮውን ግን ግዛለት» ትለኛለች። አሁን ደጋፊና ተቃዋሚ እኩል ለእኩል ሆነናል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ካልተሰማች በጀቱ ወደቀ።

ላይ፣ እንግዶች በሚቀመጡበት ሰገነት፣ ልጇ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። የድንበር ጥበቃ ሬዲዮ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ክረምት ጓዶቿንና እሷን ጎርፍ ከበባቸው፤ አሮጌው ሬዲዮም ጸጥ አለባት። «ይሰማል? ይሰማል?» ስትል አደረች፣ የሚመልስላት ጠፋ። ደወል ይህን አውርታ ሳትጨርስ እንባዋ ይቀድማታል። በጀት ሲባል ለእሷ የሚታያት ያ ሬዲዮ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው» አሉ አፈ ጉባኤው። «እባካችሁ፣ ጸጥታ!»

«ስለ ጸጥታ እየመከርን ጸጥታ አጣን እኮ!» አለ አንዱ ቀልደኛ፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ሆነ። የእኛ የተቃዋሚዎቹ አለቃ ራሱ ተነስቶ ማራገቢያውን አጠፋ። ወረቀት የሚያገላብጡት እጃቸውን ሰበሰቡ። ዝንብ ብትበር ትሰማለች።

ይኼኔ ጉሮሮዬን በላኝ።

እኔ በሳሌ የታወቅሁ ሰው ነኝ። አንዴ ብስል በጀቱ ወደቀ፤ ማንም አይፈርድብኝም፣ ሳል ነዋ! ቀና ስል የልጅቷን ፊት አየሁ። ከሰገነቱ ብረት ላይ አዘንብላ፣ ጆሮዋን ወደ እናቷ ሰጥታለች። መሀረቤን አውጥቼ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ሆዴ ተርገፈገፈ፣ ግን ያዝኩት።

«እደግፋለሁ።»

ሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታው ወንበሮቹን አልፎ ሄደ።

አፈ ጉባኤው አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ መናገር ከተከለከለበት ሰገነት ጩኸት ወረደ፦ «ይሰማል እማዬ! ጥርት ብሎ ይሰማል!»

«ተሰምቷል» አሉ አፈ ጉባኤውም፣ ሳቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው። «ጸድቋል።»

እኔም ሳሌን ለቀቅሁት። እንዴት ያለ ሳል! ደወል ድምፅ በሌለው ሳቅ እየተንፈራፈረች ጀርባዬን ትደበድባለች፣ እንባዋም ይወርዳል። የተሸነፍኩት ሰውዬ ደስ ብሎኛል፣ ምን ላድርግ! የተቃወመውም የደገፈውም ቆሞ ያጨበጭባል።

አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን እየደበደቡ «ጸጥታ! ጸጥታ!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።