ሞርሳው በቀኝ በኩል

የጥርስ ሐኪሙን ቅናት የቀሰቀሰው አንድ ሞርሳ ነው።

ሞርሳ እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ብረት ነው። የአናጢው አባቱ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ በግራ ጫፍ ተገጥሞ ኖሯል። እሑድ ዕለት ሊጠይቃቸው ወደ ወርክሾፑ ጎራ ሲል ግን ሁለተኛ ጠረጴዛ አየ። አዲስ ነው። ሞርሳው የተገጠመው ደግሞ በቀኝ ጫፍ።

እንዲህ ያለ ጠረጴዛ የሚሠራው ለግራኝ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ራሱ ግራኝ ነው። በልጅነቱ መሮ ከእጁ አይለይም ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ አባቱ መሮውን ነጥቀው መጽሐፍ አስያዙት። «እዚህ ያለው ሁሉ ለቀኝ እጅ ነው የተሠራው። ያንተ እጅ ለእንጨት አልተፈጠረም። ሐኪም ሁን፣ ኋላ ታመሰግነኛለህ» አሉት። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ምስጋናው እስካሁን አልመጣለትም።

«ይሄ ለማን ነው አባባ?» አለ፣ አዲሱን ጠረጴዛ እየዳበሰ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምረው ሰው አለ። እጅ ብትል እጅ ነው። ሲደክመኝ ወርክሾፑን የሚረከበኝ ሰው አገኘሁ።»

«ማን ነው?»

«ጊዜው ሲደርስ ታያለህ» አሉ ሽማግሌው መላጊያቸውን እየጠረጉ። «አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሳሳትም።»

ስህተቱ እሱ ራሱ መሰለው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያላለቀ መሳቢያ አነሳና ማዕዘኑን፣ እርስ በርሱ የተነካከሰውን የእንጨት ጥርስ፣ የበሽተኛ አፍ እንደሚመረምር መረመረው። ክፍተት የሚባል የለበትም። እርር ድብን አለ። ለባዕድ ሞርሳ የሚያዞሩ ሰው ለልጃቸው ማዞር አቅቷቸው ነበር?

ቤት ሲገባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጁ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊዚክስ ትሠራለች። የመዳፏ ጠርዝ እንደ ልማዷ በእስክሪብቶ ቀለም ጠቁሯል። ሌላኛው፣ ቀኝ እጇ ላይ፣ አውራ ጣቷ ደምቷል።

«ምን ነካሽ?»

«ወረቀት ቆረጠኝ።»

«ወረቀት እንዲህ ይቆርጣል እንዴ?»

«የፊዚክስ ወረቀት ነዋ አባዬ።»

ሳቀና ፕላስተር ለጠፈላት። «በርቺ። የሕክምና ማመልከቻሽ ሰኞ ነው የሚገባው። ቅዳሜ ከማጠናከሪያሽ እንዳትቀሪ። ኋላ ታመሰግኚኛለሽ።»

«እሺ» አለች፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

ተጠርጣሪ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የእህቱ ባል አለ፣ ሹፌሩ። ሽማግሌው ሲያዩት ፊታቸው ይበራል፣ ቀልዱ ያስቃቸዋል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ የለውም። ረቡዕ ዕለት ሐኪሙ እህቱ ቤት ሄደ። «መኪናዬ የሆነ ድምፅ ታሰማለች፣ እስቲ አስነስተህ ስማልኝ» ብሎ ቁልፉን ወረወረለት። ሹፌሩ በግራ እጁ ቀለበው። በቀኙ ብርጭቆ ይዞ እንደነበር ሐኪሙ ልብ አላለም።

«ግራኝ ነህ ለካ።»

«እንደ አወራወሩ ነው» አለ ሹፌሩ።

ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለለት። ማታውኑ ለሚስቱ ነገራት። «አማች ወርክሾፑን ሊወርስ ነው። እኔ የአብራካቸው ክፋይ ቁጭ ብዬ።»

«አርባ ሰባት ዓመትህ ነው፣ የራስህ ክሊኒክ አለህ። ምን ልሁን ነው የምትለው?»

«አናጢ።»

ልትስቅ አለችና ፊቱን አይታ ተወችው።

«ቅዳሜ ሄጄ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው» አለ።

«ቅዳሜን ተወው» አለች ፈጠን ብላ። «እሑድ አብረን እንሄዳለን።»

አልተወውም። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ውስጥ የልጁን ፕላስተር በአዲስ ቀየረላትና ማጠናከሪያ ትምህርቷ በር ላይ አወረዳት። ክሊኒክ ገብቶ አንድ ጥርስ ነቀለ። ሁለተኛውን በሽተኛ ለሰኞ ቀጥሮ ወጣ።

የወርክሾፑ በር ተዘግቷል። ከውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ የሽማግሌው መላጊያ ዝግ ያለ ነው፣ ሌላኛው መጋዝ ግን ፈጣንና ያልተዛነፈ።

«ቀስ» አሉ አባቱ። «መጋዝ አይገፋም፣ ይሸኛል።»

ይህችን ቃል ያውቃታል። በአሥር ዓመቱ ለእሱ የተነገረች ናት። ሌላ ሰው ሲሰማት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን የመሰለ ቅናት በሕይወቱ ቀንቶ አያውቅም።

በሩን በጡጫ ደበደበው።

«አባባ፣ ያንን ሰው ያስወጡልኝ» አለ። «መሮውን ከእጄ ሲቀሙኝ ዝም ያልኩት ሌላ ሰው እንዲይዘው አይደለም። ልጅን ከሚወደው ነገር ነጥሎ በአባት ምኞት ማሳደግ ግፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሳጎነብስ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይስሙኝ፤ በልጅ ላይ እንዲህ አይደረግም።»

መጋዙ ቆመ። መላጊያውም ቆመ። ሰጋቱራ ላይ የሚሄድ ቀላል እርምጃ ወደ በሩ ቀረበ። ሐኪሙ ለአማቹ ያዘጋጀውን ስድብ ምላሱ ላይ ይዞ ጠበቀ።

በሩ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ያየው መዝጊያውን የያዘውን እጅ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ፕላስተር ጠዋት የለጠፈው እሱ ራሱ ነበር።